የማን ጉልበት?

ቁመቷ አጭር ነው። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ፤ በኋላ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። አባቷ አናጢ ነው። ገና ዳዴ ስትል በመጋዙና በመላጊያው መሀል ስትርመሰመስ አይቶ «ምስማር» አላት። ጎረቤት ታዲያ «ምነው፣ ለሴት ልጅ ምስማር ይባላል?» ቢለው፣ «ቤቱን የያዘው ማን መሰለህ፣ ግንዱ ነው?» ብሎ መለሰለት። በቃ፣ ስሙ ተመታ፣ ገባ፣ አልወጣም። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቷትም ሰፈሩ የሚያውቃት በዚሁ ነው።

ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ከረመች። «አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በቃሏ ይዛው ነበር። አንድ ቀን ግን ሌላ ዓይነት ወረቀት ተለጠፈ። የወጣቶች ፈንድ ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ አሥራ ሁለት ወጣቶች ቀጥሮ፣ ከከተማው ጫፍ ባለው ደን ውስጥ ምን የዱር እንስሳ እንዳለ በዘመናዊ ካሜራ ሊያስቆጥር ነው ይላል። ከፊቱ ትኩስ ገላ ያለው ነገር ሲያልፍ ሰው ሳይነካው በራሱ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ አለ፤ እሱን ዛፍ ላይ አስሮ፣ ቦታውን በጂፒኤስ መዝግቦ፣ ባትሪውን እየቀየሩ መጠበቅ ነው ሥራው። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ጠያቂው ከላይ እስከ ታች አያት፤ ብዙም ጊዜ አልፈጀበትም። ዛፍ ላይ መውጣት ትችይ እንደሆን ብሎ ጠየቃት። እሷም የምንቆጥረው መሬት ላይ የሚሄደውን አይደለም ወይ ብላ መልሳ ጠየቀችው። ሳቀና ቀጠራት። አሥራ አንዱ ወንዶች፣ አሥራ ሁለተኛዋ እሷ።

አስተባባሪያቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ይቀል ነበር፤ ክፉን ሰው ተጣልተኸው ትገላገላለህ። እሱ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ከወረቀት ውጪ ያለ ነገር ሁሉ የሚያስፈራው ሰው ነው። ደህና አደሩ ቢሉት እንኳ «በመመሪያው መሠረት» የሚል ይመስላል። ልጆቹ በሌለበት «መመሪያው» ይሉታል። የሥራውን መመሪያ ከውጭ ቋንቋ የተረጎመውም እሱ ራሱ ነው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ። ገጽ ስድስት፣ ተራ ቁጥር አራት እንዲህ ትላለች፦ «ካሜራው ግንዱ ላይ በጉልበት ይታሰር።»

እስቲ ፍረዱ። በጉልበት!

አሥራ አንዱ ወንዶች አነበቡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። በጉልበት ይታሰር ከተባለ በጉልበት ይታሰራላ። መሰላል የሚሉት አንድ ረጅም ልጅ አለ፤ በር ሲገባ የሚሰግድ የሚመስል። እሱማ ግንዱን በእግሩ ረግጦ ማሰሪያውን ቢስበው፣ ማሰሪያው ተበጥሶ በጀርባው ተዘረረ። ሌላ ማሰሪያ ከቦርሳው አውጥቶ ደገመው። ሰው ደግሞ አቅሙን አሟጦ መሳብ የሚመቸው ደረቱ ትይዩ ላይ ነው፤ ስለዚህ አሥራ አንዱም ካሜራ ደረት ላይ ታሰረ። አውሎ ነፋስ ቢመጣ ዛፉ ይሄዳል እንጂ ካሜራው ንቅንቅ አይልም።

ምስማር ግን የአናጢ ልጅ ናት። በአባቷ ቤት «በጉልበት» ማለት ልክ ነው። በርጩማ በጉልበት ይሠራል፣ ጠረጴዛ በእምብርት፣ መደርደሪያ በዓይን። ደንበኛ መጥቶ በርጩማ ሥራልኝ ሲለው አባቷ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያየው የሰውየውን ጉልበት ነው። ስለዚህ ገጽ ስድስትን አንብባ ማንንም አልጠየቀችም። ዛፏ ሥር ሄዳ ቆመች፣ ከጉልበቷ ትይዩ ምልክት አደረገች፣ አሰረች። ሁሉም እንደዚያው ያደረገ መስሏታል። ለእያንዳንዱ የራሱ ዛፍ ስለተሰጠው ማን እንዴት እንዳሰረ ማንም አላየም።

አስተባባሪውስ? የዚያን ዕለት ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃውን አየና መኪናው ውስጥ ቀረ። «አሥራ ሁለቱም ካሜራዎች በትክክል መታሰራቸውን በቦታው ተገኝቼ አረጋግጫለሁ» የሚለውን ቅጽ ግን እዚያው ጭኑ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ይቺን ፊርማ ያዙልኝ።

ደኑ ሥር ድንጋይ አለ፤ ለግንባታ የሚሆን ጥሩ ድንጋይ። ካባ ከፍተን ድንጋዩን እናውጣ የሚሉ ሰዎች ማመልከቻ ካስገቡ ቆይተዋል። መስተዳድሩ የሰጣቸው መልስ አጭር ነው፤ የፈንዱ ሪፖርት እንስሳ አለበት ካለ ደኑ አይነካም፣ የለበትም ካለ ውሰዱት። እንግዲህ የደኑ ዕድሜ የተንጠለጠለው በአሥራ ሁለት ካሜራ ላይ ነበር። ሦስት ወር ተሰጣቸው። ምስማር በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት በእግሯ እየሄደች ባትሪ ትቀይራለች፣ ሚሞሪ ካርዱን አውጥታ በፖስታ አሽጋ ለቢሮው ታስረክባለች። ካርዶቹ የሚከፈቱት መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ባሉበት ነው፤ መመሪያው እንደዚያ ይላል።

የመክፈቻው ቀን በስብሰባው ክፍል ተሰበሰቡ። መጋረጃው አንዱ ጫፍ ከመንጠቆው ስለወለቀ ብርሃን ያስገባል፤ ፕሮጀክተሩ ደግሞ ነገሩን ሁሉ አረንጓዴ ነው የሚያደርገው። ከካሜራ አንድ ተጀመረ። ቅጠል። ቅጠል። አሁንም ቅጠል። የላም ጀርባ። የመሰላል አፍንጫ፣ ባትሪ ሊቀይር ሲመጣ። ካሜራ ሰባት ላይ አንድ የተከበሩ ጎልማሳ ግራ ቀኙን አይተው ሱሪያቸውን ሲፈቱ ታዩ፤ አስተባባሪው ቶሎ ብሎ አሳለፈው፣ ልጆቹ ግን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እንስሳ የተባለ ግን፣ አንድ ጆሮ እንኳ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኛዎቹ ጀግኖች አሥራ አንድ ሆነው በዚያ ሁሉ ጉልበት አስረው ጥርኝ እንኳ አልያዙም።

ከዚያ ካሜራ አሥራ ሁለት ተከፈተ። ጃርት፣ እሾኋን ዘርግታ። ጥርኝ፣ ፊቷ ላይ ያ ጥቁር ጭንብሏ። ከሦስት ፎቶ በኋላ ያችው ጥርኝ ከሦስት ልጆቿ ጋር፤ የመጨረሻዋ ግልገል ወደ ካሜራው ዞራ አፍንጫዋን አስጠግታ ታሸትታለች። አርባ አንድ ፎቶ።  ምስማር እንባዋ መጣ፤ ደስ አላት፣ ሌላ ስም የለውም። ሦስት ወር ሙሉ በዚያች መንገድ ስትመላለስ እነዚህ ፍጥረታት ከእሷ ኋላ ኋላ ሲሄዱ ኖረዋል።

አስተባባሪው መብራቱን አበራ። እንዴት አድርጋ እንዳሰረችው ጠየቃት። በጉልበት፣ አለች። አሥራ አንዱም ባንድ አፍ እኛስ በጉልበት አይደል እንዴ ያሰርነው አሉ፤ መሰላል መዳፉን ገልብጦ ማሰሪያው የተወበትን ጠባሳ አሳየ። ያኔ ነው ነገሩ ለሁሉም የገባቸው። ጥርኝ ቁመቷ ከሰው ጉልበት አይዘልም፤ ደረት ላይ ከታሰረ ካሜራ ሥር ጅራቷን እያወዛወዘች ነው የምታልፈው።

የአስተባባሪው ፊት ቲማቲም መሰለ። ሰውየው ሞኝ አይደለም፤ ከሁሉ ቀድሞ የገባው እሱን ነው። አሥራ አንዱ ተሳሳቱ ካለ፣ በቦታው ተገኝቼ ያላት ፊርማ ልትበላው ነው። ትንሽ አሰበና መንገድ አገኘ። ካሜራ አሥራ ሁለት ከሌሎቹ ጋር ስለማይነጻጸር ከሪፖርቱ ይወጣል፤ ሪፖርቱ በአሥራ አንዱ ካሜራ «የዱር እንስሳ አልታየም» ይላል፤ ሰኞ ዕለት ከፈንዱ ኃላፊ ስለሚመጡ አሥራ ሁለታችሁም ፊታቸው ትፈርማላችሁ፤ ያልፈረመ በሁለተኛው የቅጥር ዙር አይቀጥልም። ምስማር ፎቶዎቹ ውሸት ናቸው ወይ ብላ ስትጠይቀው እንዲህ አላት፦

«አሥራ አንድ ሰው ተሳስቶ አንድ ሰው ልክ ሊሆን አይችልም።»

ወደ ቤት ሲሄዱ መሰላል አብሯት ወጣ። ከእግሯ ጋር እኩል ለመሄድ እርምጃውን እየቆጠበ፣ ፈርሚና ይለፍልሽ፣ ሥራ እንደሆነ እንደልብ አይገኝም፣ እኔም እናቴን የማኖረው በዚችው ነው እያለ ለመናት። ልጁ ደግ ነው፤ ግን ደግነትና ፍርሃት ባንድ ሰው ላይ ሲያድሩ ማን እንደሚናገር አይታወቅም። በመጨረሻ «ዝም አይነቅዝም» አላት።

«እንጨት ግን ዝም ብሎ ነው የሚነቅዘው» አለችውና ጥላው ሄደች።

አባቷን የበር ጉበን ሲልግ አገኘችው። ሳጋቱራው ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ዘረገፈችለት። አይዞሽ የሚላት መስሏት ነበር። እሱ ግን መላጊያውን አስቀምጦ «ለክተሽዋል?» ብሎ ጠየቃት። በጉልበቴ ነው ያሰርኩት አለች። አባቷ ተቆጣ።

«የማን ጉልበት?» አላት። «እኔ በርጩማ ስሠራ የደንበኛውን ጉልበት እለካለሁ እንጂ በራሴ ገምቼ እቆርጣለሁ? ቁጥሩ የታለ? ቁጥር የሌለው ልክ ወሬ ነው፣ ልጄ። ሰውየው የሚረታሽ በዚህ ነው።»

አመማት። ግን ልክ ነበር፤ ልክ የሆነ ነገር ደግሞ ከአባት ሲመጣ ሁለት ጊዜ ነው የሚያመው። ሌላ አንድም ቃል ሳይጨምር የሚለካበትን ሜትር፣ ያንን ጠርዙ የተበላውን፣ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ካሜራዎቹ ገና አልተፈቱም ነበርና ቅዳሜን ሙሉ በደኑ ውስጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄድ ዋለች። የእሷ ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር። የመሰላል አንድ ሜትር ከሠላሳ አንድ። የሌሎቹ ሁሉ ከሜትር በላይ። አሥራ ሁለቱንም ጻፈች፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨመረችበት።

ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የፈንዱ ኃላፊ መጡ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው፤ እንደተቀመጡ ያበጡ እግሮቻቸውን ቀስ ብለው ከጫማቸው አወጡ። አስተባባሪው ሪፖርቱን አነበበ፤ እንስሳ አልታየም። ወረቀቱ ለፊርማ ዞረ። አንድ ፈረመ፣ ሁለት ፈረመ፣ መሰላል አቀርቅሮ ፈረመ። ምስማር ጋ ሲደርስ ሁሉንም፣ ከኋላው የተያያዘውን የአስተባባሪውን ቅጽ ሳይቀር፣ አነበበችና እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋደመችው።

 ሥራዋን እንደምታጣ ታውቃለች፤ ያንን የማስታወቂያ ሰሌዳ በሕሊናዋ አይታዋለች። ቢሆንም ተነሣች። መነሣቷን ብዙም ሰው አላወቀም እንጂ።

«አልፈርምም» አለች። «ታይቷል። ያላየሁ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

አስተባባሪው ወደ ኃላፊዋ ዞሮ ልጅቷ መመሪያ የጣሰች መሆኗን፣ ካሜራዋን እንደ ልቧ ማሰሯን ማስረዳት ጀመረ። ምስማር እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ የለካችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ልክ ልኩን ነገረችው።

«መመሪያው በጉልበት ይላል፤ የማን ጉልበት፣ ስንት ሳንቲ ሜትር፣ አይልም። ያልጻፉት እርስዎ ነዎት፣ ያልጠየቅነው እኛ ነን። በቅጹ ላይ ግን በቦታው ተገኝቼ አረጋግጫለሁ ብለዋል። ከነበሩ፣ እነዚህ ሁሉ ሲሳሳቱ አይተው ዝም ብለዋል። ካልነበሩ ደግሞ፣ የፈረሙት ምን እንደሆነ ራስዎ ያውቁታል። ይህ ገንዘብ የሕዝብ ነው። የተከፈለን እንድናይ ነው እንጂ እንድንፈርም አይደለም።»

 ኃላፊዋ መነጽራቸውን አድርገው የቁጥሩን ወረቀት አዩ፣ ከዚያ አርባ አንዱንም ፎቶ አንድ በአንድ አስከፍተው አዩ። የመጨረሻዋ ግልገል ላይ ትንሽ ቆዩ። ሪፖርቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ካሜራዎቹ ሁሉ በሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ታስረው ለሦስት ሳምንት እንደገና ይታይ አሉ። የምስማርን ነገር ሲጠየቁ ግን ቅጥር የአስተባባሪው ጉዳይ ነው ብለው እግሮቻቸውን ወደ ጫማቸው መለሱ። ፍትሕም አንዳንዴ እንዲህ ናት፤ ግማሽ መንገድ ሄዳ ይደክማታል። ከሰዓት በኋላ የምስማር ስም ከዝርዝሩ ተሰረዘ።

ማክሰኞ ጠዋት አባቷ ቤት እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስ መሰላል መጣ። ጉበኑ ላይ ግንባሩን ላለመምታት ጎንበስ እንዳለ ቀረ፤ ቀና ለማለትም ፊት አልነበረውም። ካሜራዎቹን ዝቅ አድርገው ሊያስሩ እንደሆነ፣ እሷም እንድትመጣ ነገራት። ከሥራ የተባረረ ሰው ምን ያደርግላችኋል፣ ሜትር ጠፋ እንዴ አለችው።

«ሜትሩማ አለ» አለ መሰላል። «አንቺ ካልቆምሽ ግን አናስርም።»

አባቷ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ፤ ፈገግታውን ግን አየችው። ሄደች። አሥራ አንድ ዛፍ ሥር አሥራ አንድ ጊዜ ቆመች። ልጆቹ ጭቃው ላይ እየተንበረከኩ ከጉልበቷ ትይዩ ምልክት አደረጉ፤ አንዱ ተረከዝሽን አታንሺ ብሎ ሲተርባት፣ አንተ ምላስህን አሳጥር አለችው። ቀስ ብለው፣ ያለ ብዙ ጉልበት አሰሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርዶቹ ሲከፈቱ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ላይ ጥርኝ ነበረች፣ አራቱ ላይ ጃርት። አስተባባሪው አዲስ ሪፖርት ጻፈ፤ «የዱር እንስሳ መኖሩ ተረጋግጧል» ይላል። ለፊርማ አዞረው። መሰላል ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ ወረደና ወረቀቱን ወደ ጠረጴዛው ገፋው። የጎደለ ስም አለ፣ አለ። ቀጣዩም ገፋው። ከዚያ ቀጣዩም። ልጅ የተወለደለትም፣ ተረከዝሽን አታንሺ ያላት ቀልደኛም ገፋው። ድሩ አሁን ነው ያበረው። አስተባባሪው ሰዓቱን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ ከታች በእጁ አሥራ ሁለተኛ ስም ጻፈና ጥሯት አለ። በሁለተኛው ዙር ዝርዝር ላይም ይግባ አለው መሰላል። ያንንም ጻፈ።

ምስማር ፀጉሯ ላይ ሳጋቱራ እንዳለ መጣች። እስክሪብቶ ሲሰጧት አልተቀበለችም፤ መጀመሪያ ቁጭ ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበች። አስተባባሪው ይተነፍሳል፣ እሷ ታነባለች። ገጽ ሁለት ላይ «ካሜራዎቹ በጉልበት ታስረዋል» የሚል አገኘች። ያኔ እስክሪብቶውን ተቀበለች፣ «በጉልበት» የምትለዋን ቃል ሰረዘች፣ ከላይዋ «ከመሬት ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ» ብላ ጻፈች።

«መዝገብ ላይ ዝም ብሎ ቁጥር አይጻፍም» አለ አስተባባሪው። «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?»

ምስማር ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፣ እግሯን ወደ ፊት ዘረጋች፣ በእስክሪብቶው ጫፍ ጉልበቷን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች።

«ከዚህ» አለችውና ፈረመች።